እናቴን በዊልቸር ወደ ቻይና ግንብ

እናቴ ቴክሳስ እንደገባች መጀመሪያ የተጣላችው ከመንገዱ ጋር ነው። ደሴ እያለች ማለዳ ከቤት ትወጣና ለቅሶ ደርሳ፣ አራስ ጠይቃ፣ ሰኞ ገበያ ወርዳ በርበሬ ተከራክራ ገዝታ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ለምሳ የምትደርስ ሴት ናት። ጉልበቴን ስትል አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ሌዊስቪል ያለው አፓርታማችን ግን ከበሩ ወጣ ሲሉ ስድስት መስመር አውራ ጎዳና ነው የሚቀበለው። የእግረኛ መንገድ ተብሎ የተሠራው ትንሽ ይሄድና ሳር መሃል ቀጥ ይላል፤ የሚሠራው ሰውዬ ስልክ ተደውሎለት ትቶት የሄደ ይመስላል።

የመጀመሪያ ቀን "ትንሽ እግሬን ላፍታታ" ብላ ስትወጣ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ ምን ደረሰብሽ ብላ ጠየቀቻት። በሁለተኛው ጊዜ ፖሊስ በራሱ መኪና አሳፍሮ፣ በሩን በትህትና ከፍቶ፣ ደጃችን ድረስ አመጣት። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት አየ። ቴክሳስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው የተበላሸበት ነው፣ ወይ ራሱ የተበላሸ ነው። እናቴ ለወንድሜ ስትነግረው "በእግሬ ስሄድ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ" አለችው።

ከዚያ ወዲህ የምትሄደው እኛ የወሰድናት ቦታ ብቻ ሆነ። መስጊድ በኔ መኪና፣ ክሊኒክ በኔ መኪና፣ ሜስኪት የሚባል ከተማ ያለው ወንድሜ ዘንድ በወንድሜ መኪና። ቀበቶዋን የማስርላት እኔ፣ በሩን የምከፍትላት እኔ። "ጫኑኝ፣ አራግፉኝ፤ የከሰል ማዳበሪያ አደረጋችሁኝ እኮ" ትላለች። እኛ እንስቃለን። እሷ ግን ሁልጊዜ አትስቅም ነበር።

እኔ የምሠራው ዲኤፍደብሊው የሚሉት የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ዊልቸር እገፋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። የኛ አገር ሰው እናቱን ወይ አባቱን ብቻቸውን ሲያስመጣ ዊልቸር ያዝላቸዋል። እግራቸውን ስለታመሙ አይደለም፤ ቋንቋ ስለማይችሉ ነው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም። ከአውሮፕላኑ በር እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከኢሚግሬሽን እስከ ሻንጣው፣ ከሻንጣው እስከ ልጆቹ ድረስ የሚገፋው አለው። ብልሃት ነው፣ ክፋትም የለበትም። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። መውጫው በር ተከፍቶ የልጅ ልጆቻቸውን ሲያዩ፣ እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው የተገፉት አዛውንት ብድግ ብለው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ይሮጣሉ። አሜሪካኖቹ ባልደረቦቼ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። አንዱ ሐበሻ ባልደረባችን ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቁት "ሆሊ ዋተር ነው" ይላቸዋል፤ ጠበል ማለቱ ነው።

የቤጂንግ ኦሎምፒክ ክረምት ወንድሜ ሩጫውን ከኛ ጋር ሊያይ ከሜስኪት መጣ። ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሩጫ ሲያይ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሚሮጠው እሱ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቴሌቪዥኑ የቻይናን ግንብ አሳየ።

"ይሄ ምንድነው?" አለች እናቴ።

"ግንብ ነው እማ፤ ድሮ ጠላት እንዳይገባባቸው የሠሩት።"

"ሰዎቹ ላዩ ላይ ምን ይሠራሉ?"

"ይሄዳሉ። ቱሪስቶች ናቸው።"

"መኪናስ?"

"መኪና አይወጣበትም።"

ሩጫው ተጀምሮ፣ የኛ ልጆች ቀድመው፣ ወንድሜ ሶፋው ላይ ቆሞ ሲጮህ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ጩኸቱ በረድ ሲል "እዚያ ውሰዱኝና ልቀቁኝ" አለች። አሳዩኝ አላለችም፤ ልቀቁኝ ነው ያለችው፣ እንደ ጥጃ። "ማንም ሳይጭነኝ፣ ማንም ሳያራግፈኝ፣ አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁበት ጫኑኝ።"

እኔና ወንድሜ ተያየን። እናታችን አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ይሄን ስጡኝ፣ ይሄን ግዙልኝ ብላን አታውቅም። አሁን የጠየቀችን የዓለም ጫፍ ነው፤ ግን ጠየቀች። ሁለታችንም ደስ አለን።

ነገሩን ወንድሜ በታክሲው ጨረሰው። አልፎ አልፎ የሚያመላልሳት ቻይናዊት የጉዞ ወኪል አለች፤ ከዳላስ ቡድን እየያዘች ወደ አገሯ ትልካለች። ለፀደይ ተመዘገብን። ወንድሜ ሥራና ልጆች ስላሉት አብሬያት የምሄደው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ።

"ሶ፣ ሁሉንም ኮንፈርም አድርጌያለሁ። የእማን ዊልቸርም ሪኩዌስት አድርጌያለሁ።"

"የማንን ዊልቸር?"

"የእማን ነዋ።"

"እማ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። ማለቴ፣ ሁሉም ሰው ለእናቱ ያደርግ የለ እንዴ? አንቺ ራስሽ አይደለሽ የምትገፊያቸው?"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው። አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ቋንቋ ቢሉ እኔ አለሁላት፤ የምትጠፋበት ምክንያት የለም። ግን ወንበሩ ለኤርፖርት ብቻ መስሎኝ፣ ሰልፉንም ያሳልፈናል ብዬ ተውኩት።

የጉዞው ቀን ዊልቸር ይዞ የጠበቀን ያው ሆሊ ዋተር የሚለው ባልደረባዬ ነበር።

"እማማ ይቀመጡ፤ ዛሬ የኔ እንግዳ ነዎት" አላት።

"እግር አለኝ እኮ ልጄ።"

"እግርማ ሁሉም ሰው አለው እማማ። ዊልቸር ነው የሌለው።"

ሳቋ መጣና ተቀመጠች። ያንን የፍተሻ ሰልፍ በጎን አልፈን ስንሄድ "አልሐምዱሊላህ፣ ለካ እንዲህም አለ" አለች። ቺካጎ ላይ ሌላ ገፊ ተቀበላት፣ ቤጂንግ ላይ ሌላ። ሁሉንም በየተራ መረቀቻቸው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር።

ቤጂንግ መውጫው ላይ ቢጫ ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ ቆማለች። አጠገቧ ሌላ ዊልቸር ተዘርግቷል። በኔ ዕድሜ ያለች፣ እንግሊዝኛዋ ፈጣን፣ አዲስ ጥቁር ጫማ ተረከዟን ልጧት ፕላስተር የለጠፈችበት ሴት ናት። የጉዞ ወኪሏ እንግዶቿን ስታስተዋውቃት እናቴን መራመድ የማትችል አሮጊት ብላ ነግራታለች። ስለዚህ ወንበሩ ለኤርፖርት ብቻ አልነበረም፤ ለጉብኝቱ በሙሉ ነው።

"እናቴ ጤነኛ ናት፤ ወንበር አያስፈልጋትም" አልኳት።

"ችግር የለም፣ ምንም አያስቸግረንም" አለች አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ።

"አይ፣ ለማስቸገር አይደለም። መሄድ ትችላለች።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ትደክማለች።"

እናቴ ራሷ ተነሥታ ወዲያና ወዲህ ተራምዳ አሳየቻት። አስጎብኚዋ በሁለት እጇ ደግፋ፣ እያሻሸቻት፣ መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ "እናትሽ እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት!" አለችኝ።

በማግስቱ የነገሥታቱን ግቢ፣ ያንን የተከለከለው ከተማ የሚሉትን አየን። እኔ አየሁ ማለት ይሻላል። በየአዳራሹ በር ላይ ጉልበት የሚደርስ የእንጨት ደፍ አለ፤ ዊልቸር አያልፍበትም። ስለዚህ ቡድኑ በፊት ለፊት ሲገባ እኔ እናቴን እየገፋሁ በጎን፣ በጓሮ፣ የጥበቃዎቹ ብስክሌት በተደገፈበት በኩል እዞራለሁ። ለእረፍት ወጥቼ ሥራዬ ቻይና ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እያልኩ እገፋለሁ።

"የንጉሡን ቤት በጓሮ ዞሬ አየሁት፤ ሌባ ነው የሚያስመስሉኝ" ትላለች እናቴ።

አንዱ በር ላይ ትዕግሥቷ አለቀና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተነሥታ ደፉን ተሻገረችው። አስጎብኚዋ ከአዳራሹ ማዶ ጮኸች። ባንዲራዋን ይዛ፣ በዚያ በተላጠ ተረከዝ እየሮጠች መጥታ ብብቷ ስር ገብታ ያዘቻት። ከቡድናችን ውስጥ ከፎርት ዎርዝ የመጡ ጡረተኞች ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሰፊ ባርኔጣውን አውልቆ አንድ ነገር እያለ አጨበጨበ።

"ምን አለ ሰውዬው?" አለች እናቴ።

"ጀግና ነሽ አለ።"

"ምን አድርጌ?"

"ስለተነሣሽ።"

ሰውየውን ከላይ እስከታች አየችውና መልሳ ተቀመጠች። በሱ አልፈርድም፤ እኔም በሥራዬ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስንት ጊዜ ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ የሰማይ ቤተ መቅደስ የሚባለው ቦታ ወሰዱን። ጣሪያው ክብና ሰማያዊ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፤ እናቴ ግን ጣሪያውን ቀና ብላም አላየችው። ዙሪያው ሰፊ የዛፍ ግቢ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ አንዳንዶቹም የሚበልጧት ሴቶች ተሰብስበው ይጨፍራሉ። ላባ የተሰካበት ትንሽ ኳስ በእግራቸው እያነጠሩ ይቀባበላሉ። አንዷ አሮጊት እግሯን አጥሩ ላይ ሰቅላ፣ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ ጎንበስ ትላለች። ጨርሳ ስትመለስ እናቴን ወንበሩ ላይ አየቻትና አዘነች። ጉልበቷን ዳበስ ዳበስ አድርጋላት ሄደች።

እናቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ አታጣም ነበር።

ተመልሰን አውቶቡሳችን ውስጥ ስንቀመጥ አስጎብኚዋ የነገውን ፕሮግራም ተናገረች። ነገ ግንቡ ነው። ደረጃው ብዙና ቀጥ ያለ ስለሆነ ዊልቸር አይወጣም፤ ለኔ እናት ግን አስባላታለች። ከተራራው ግርጌ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ በረንዳው ላይ ሆኖ ግንቡ ወለል ብሎ ይታያል። ብርድ ልብስ ይመጣላታል፣ ሻይ ይመጣላታል። ይሄን ሁሉ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

"ከታች ሆኜ ልየው?" አለች።

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"እንደዚያማ በቴሌቪዥንም አይቼዋለሁ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሻሿን ወደፊት ሳብ አደረገችው፤ እንባዋን እንዳላይባት ነው። ከሌዊስቪል ሶፋ አንሥተን ውቅያኖስ አሻግረን ሌላ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥናት። ተነሥቼ ፊት ሄድኩና አስጎብኚዋን ለመንኳት። "ብትወድቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ" አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና ነው ያለችው። እኛም ኤርፖርት ላይ ደንቡ ያው ነው። ዊልቸር የተያዘለት ሰው በእግሬ ልሂድ ቢል እያባበልን ነው መልሰን የምናስቀምጠው።

እራት የሙስሊም ምግብ ቤት ተይዞልን ነበር፤ ለእናቴ ተብሎ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከቻይንኛው በላይ በዐረብኛ ተጽፏል። ሌዊስቪል ውስጥ የፖስታ ሳጥናችንን ቁጥር እንኳ እኛ የምናነብላት እናቴ ወንበሯ ላይ ቀና አለችና "ሐላል!" ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። ነጭ ኮፍያ ያደረገው ባለቤት ከውስጥ ወጥቶ "አሰላሙ አለይኩም" አላት። "ወአለይኩሙ ሰላም" አለችው፣ እንደ ጎረቤቷ። ቀኑን ሙሉ ያጣሁት ፊቷ ተመለሰልኝ።

ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። የበግ ሥጋ፣ በእጅ የተሳበ ፓስታ የሚመስል ነገር፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ መጣ። አስጎብኚዋ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ በነዚያ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ለስላሳ ለስላሳውን ሥጋ እየመረጠች ሳህኗ ላይ ታኖርላታለች።

"በቃኝ በያት" አለች እናቴ።

ነገርኳት። አስጎብኚዋ ጨመረች።

"ኧረ በቃኝ፣ ጠገብኩ።"

አስጎብኚዋ ደግሞ ጨመረች፤ ጭራሽ የዳቦውንም መሃል ቆርሳ አስጠጋችላት። እናቴ እንጨቶቹን ያዝ አደረገችና እስከዛሬ ያላየቻት ይመስል ፊቷን አተኩራ አየቻት። ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

"ይቺ ሴት ወላሂ ወሎዬ ናት!"

ያኔ ለኔም ገባኝ። ወሎ ቤት ገብቶ ብላ ሲባል እሺ የሚል እንግዳ ሆዳም ነው። የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም። ሁለተኛውም አይቆጠርም። ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ እንግዳው ይግደረደራል፣ ባለቤቱ ይጨምራል። እዚህም ያው ነው ለካ። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ "መሄድ እችላለሁ" ባለች ቁጥር ይቺ ሴት የሰማችው የጨዋ ሰው ግድርድር ነው። እኔም በእንግሊዝኛ ባስረዳሁ ቁጥር የባሰ ጨዋ እያስመሰልኳት ነበር።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኳት እናቴን።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለችኝ። አስጎብኚዋ ጠረጴዛው ስር አንድ ጫማዋን አውልቃ እንደነበር እሷ አይታለች፣ እኔ አላየሁም። ሌላ ምንም ሳትለኝ ሥጋዋን በላች።

በማግስቱ ተራራው ላይ ዛፎቹ ነጭና ሐምራዊ አበባ አውጥተዋል። ግንቡ ከላይ የተራራውን ጫፍ ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል፤ መጨረሻው አይታይም። እናቴ ከአውቶቡሱ ወርዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ቀና ብላም ብዙ አላየችውም። በረንዳው ላይ አደረሱኝ፣ ብርድ ልብስ አለበሱኝ አላለችም፤ ያሏትን ሁሉ ሆነች። ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ቡድኑ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራውን ወደሚወጣው ኬብል መኪና ሄደ። አስጎብኚዋ ሸኝታቸው እያነከሰች ተመለሰችና ክዳን ባለው ብርጭቆ ሻይ አመጣችላት።

እናቴ ሻዩን አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ብርጭቆውን መለሰችና "ዱዓ ላድርግልሽ በያት" አለችኝ።

እናቴ ምን እንዳሰበች ያኔ ገባኝ። በኛ አገር የግብዣ መውጫው እምቢታ አይደለም፣ ዱዓ ነው። ትልቅ ሰው በልቶ ጠጥቶ እጁን ዘርግቶ ከመረቀ በኋላ ማንም ጨምር፣ ተቀመጥ፣ ቆይ አይለውም። አሚን ተብሎ ይነሣል። ነገር ተዘጋ።

እናቴ መዳፎቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ። አስጎብኚዋ እኛን አይታ ባንዲራዋን ወንበር ላይ አስደግፋ እጇን ዘረጋች።

"ያ አላህ! እኔን እንደ እናቷ ለያዘችኝ ልጅ ለእናቷ ጤና ስጥልኝ። ልጆቿን አሳድግላት። የምታሳያቸው ሰዎች ሁሉ በደህና ይግቡላት። ያዘነችበትን አስረሳት፣ የለፋችበትን አትርፍላት። ይቺን እግሯን አሳርፍላት።"

"አሚን" አልኩ። የምችለውን ያህል ተረጎምኩላት። የእናቷ ነገር ላይ ስደርስ አስጎብኚዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ እናቷ ሩቅ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ካየቻቸው ቆይታለች። እሷም "አሚን" አለች።

እናቴ ተነሣች። ብርድ ልብሱን አጠፈችው። ከዚያ አስጎብኚዋን ትከሻዋን ይዛ ወደ ዊልቸሩ አዞረቻት።

"ተቀመጪ።"

"ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" አለች ሴትዮዋ፣ ሳይተረጎምላት ገብቷት።

"እግርሽ ቆስሏል። ተቀመጪ በሞቴ።"

"በሞቴ ትልሻለች፤ እኛ ዘንድ ከባድ ነው" አልኳት። አይሆንም፣ አልችልም እያለች በሁለት እጇ ተከላከለች።

እናቴ ወደኔ ዞር አለችና "ሁለተኛ እምቢታዋ ነው፤ አንድ ቀርቷታል" አለችኝ።

ሦስተኛውን ግብዣ እናቴ በቃል አላለችውም። ጫን አደረገቻት፤ አስጎብኚዋ ቁጭ አለች። እናቴ ጎንበስ ብላ ያንን ጫማ ከቆሰለው ተረከዝ በቀስታ አወጣችላት፤ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ልትነሣ ሞከረች፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ቻይናውያን አሮጊቶች በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጮክ ብለው ሲሏት ተመልሳ ተቀመጠች። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ የትልቅ ሰው ግብዣ አይገፋም ያሏት ይመስለኛል።

"ሻይ እዘዥላት" አለችኝ እናቴ፤ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ሻዩን አዝዤ ስደርስባት የኬብል መኪናውን አልፋዋለች። "በሱ እንሂድ እንጂ" ብላት "ያም ያው መኪና ነው" አለችኝ። በጫካው መሃል ያለውን ደረጃ በእግሯ ተያያዘችው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ስገፋ የምውል ነኝ፤ ጉልበት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። የገፋሁት ግን ሁልጊዜ የኤርፖርት እብነ በረድ ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ምላሴ ወጣ። ግንቡ ላይ ስንደርስ እሷ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ቢስሚላህ አለች፣ ጫማዋን አጥብቃ አሰረች።

ለጥቂት ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። የዘበኞች ማማ ጥላ ስር ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ።

"ተቀመጪ አንቺ" አለችኝ። "መጣሁ።"

ወጣች። የፎርት ዎርዙ ሰውዬና ሚስቱ ከታች ከታች እያለከለኩ መጡ። እናቴ ከላይ፣ አረንጓዴ ሻሿ እየተውለበለበ፣ ፈረንጆችን እየቀደመች ስትሄድ ሰውዬው አየ። ባርኔጣው በእጁ ቀረ።

"ያቺ እናትሽ አይደለችም?"

"ናት።"

"ምን ተገኘ?"

ብዙ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። "ሻዩ ነው" አልኩት።

ለካ አምኖኛል። በኋላ ስንወርድ ከዚያ ሻይ ቤት በካርቶን ሲያስጭን አየሁት።

እናቴ ሁለተኛው ማማ ውስጥ ገብታ በወዲያ በኩል ወጣች። ሦስተኛው ውስጥ ገባች። ሻሿ ትንሽ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ ግንቡ ቁልቁል ሲወርድ ጠፋች። መጀመሪያ ፈራሁ። ስልክ የላትም፣ ቋንቋ የላትም፣ የሆቴላችንን ስም እንኳ አታውቀውም። ተነሥቼ ልጥራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ እናቴ የት እንዳለች ሳላውቅ አንድ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። ሶፋው ላይ ናት፣ መኪና ውስጥ ናት፣ ወንድሜ ዘንድ ናት። እንዴት እንደሚያፍን ያንን ጊዜ ነው የገባኝ። ማዶ ማዶውን ሳይ ደግሞ ታየችኝ፤ ከሌላው ተራራ ጀርባ ላይ ብቅ አለች፣ ጉንዳን አክላ። ከፊቷ ሰው የለም። አልቸኮለችም። ቆም ትላለች፣ በግንቡ ቀዳዳ አጮልቃ ታያለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። የተሰማኝ ደስታ ይሁን ቅናት ይሁን አላውቅም።

የመመለሻ ሰዓታችን አልፎ ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩ። በስተመጨረሻ ደረጃውን እየወረደች መጣች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ፊቷ በላብ ወርዝቷል፣ ቀሚሷ ጫፉ አቧራ ነው። ከመጣች እንዲህ ያለች ሆና አላየኋትም። አጠገቤ ደርሳ ቆመች።

"እስከ የት ደረስሽ?" አልኳት።

ዞር ብላ የመጣችበትን አየች። ስም የለው፣ ምልክት የለው።

"እስከ ፈለግሁት" አለች።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልይዘው አልቻልኩም፤ ሰው እያየኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ደነገጠች።

"ምን ሆንሽ? እግርሽን ነው?"

"አዎ" አልኳት፣ "እግሬን ነው።"

"እኔን ይብላኝ። ነይ፣ ተነሽ" አለችና እጄን ያዘችኝ። አንድ ደረጃ ቀድማኝ እየወረደች፣ እስክረግጥ እየጠበቀችኝ፣ ቀስ አድርጋ አወረደችኝ።